ቫይረስ የሰወረው ዜማ

መካነ ኢየሱስ ከተማ በአንድ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካቻቢቴ እንኳ አልተሰጠኝም። የሱቁ ባለቤት ጋሽ አዳነ በመስኮቱ ሥር ለብቻው ወደተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ወሰዱኝ።

"ይሄ ከኢንተርኔትም ከሌሎቹም ጋር አይገናኝም። የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚህ ይመረመራል" አሉኝ።

"ደንበኛው ቢቸኩልስ?"

"ይቸኩል፤ ተይው። በሽተኛና ጤነኛ አንድ አልጋ ላይ አይተኙም።"

የጸረ ቫይረሱን ማሻሻያ በሌላ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አውርጄ በየሰኞው እዚያኛው ላይ መጫን የእኔ ሥራ ሆነ። በእኛ አገር በሽታውን ይበልጥ የሚያመጣው ፍላሽ ነው። መዝሙርና ፊልም ለመቅዳት ከሱቅ ሱቅ ሲዞር የዋለ ፍላሽ የማይለቅመው ነገር የለም።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ፣ አንድ ክረምት መምህርት ውዴ ላፕቶፗን ከዝናቡ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። አባቷ መሪጌታ አብረዋት ነበሩ። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ደብር የድጓን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለሕክምና እሷ ዘንድ ሰንብተዋል። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ከሹክሹክታ አላልፍ ብሏል።

"ሳይታመሙ በፊት ያዜሙትን ቀርጬ እዚህ አስቀምጬ ነበር" አለች ውዴ። "ትናንት የሰው ፍላሽ ሰካሁ። ዛሬ ብከፍተው ሁሉም ሾርትከት ሆኗል። ሌላ ሱቅ ብወስደው 'ያለው ሁሉ ጠፍቶ ፎርማት ይደረግ' አሉኝ።"

"አስደረግሽው?"

"ኧረ አልደፈርኩም!"

"ሌላ ቦታ ቅጂ አለሽ?"

"የትም የለኝም" አለች። መሪጌታ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ዳግመኛ ላዜመው አልችልም" አሉኝ።

ላፕቶፑን ሳላስነሳ ሐርድ ዲስኩን ፈትቼ አወጣሁና ለብቻው ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ብሳሳት መመለሻ እንዲኖረኝ መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ወደ ባዶ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ምርመራውን አስጀመርኩ።

"ምንድን ነው የገባበት?" አሉ መሪጌታ።

"ቫይረስ ነው የኔታ። ፋይሉን ሰውሮ በቦታው ሐሰተኛ ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱን ሲጫኑት ይባዛል።"

"ሰላቢ ነው በይኛ!"

"ሰላቢስ ይዞ ይሄዳል። ይሄኛው ደብቆት ከሆነ እናገኘዋለን።"

"ከሆነ?" አሉኝ።

ቫይረሱ ከተጠረገ በኋላ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ አዘዝኩ። ስም የሌለው ፎልደር ብቅ አለ። ስከፍተው ውዴ የሰጠቻቸው ርዕሶች ተደረደሩ። አንዱን ተጫንኩ፤ የመሪጌታ የደኅና ጊዜ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ጋሽ አዳነ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ውዴ አለቀሰች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ አዳመጡና "እዚህ ላይ ቸኩያለሁ" አሉ።

አንዱ ፋይል ግን ተበላሽቶ አልከፈት አለኝ። ይህን ስነግራቸው መሪጌታ አልደነገጡም።

"እሱን ደቀ መዝሙሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቤተ ልሔም ወንበሬን ይዞ የሚያስተምር እሱ ነው፤ ይቀረጽ" አሉ። ኋላም እንዳሉት ተቀረጸ።

ላፕቶፑን ሳስረክብ ጸረ ቫይረሱና ሲስተሙ በራሳቸው እንዲታደሱ፣ ከኢንተርኔት ሰርጎ የሚገባውን የሚያግደው ፋየርዎልም እንዳይጠፋ አደረግሁ። ለውዴ የራሷ የይለፍ ቃል፣ ለቤት እንግዳ ደግሞ ፕሮግራም መጫን የማይችል ሌላ መግቢያ አወጣሁ።

"ከእንግዲህ የሰው ፍላሽ ልተው?" አለችኝ።

"አትተይ። ሳትመረምሪ አትክፈቺ።"

ዜማውን በተለያዩ ዲስኮች ገልብጠን አንዱን መሪጌታ ይዘውት ሄዱ።

በዚህ ሥራ የተረዳሁት ይህን ነው፦ ጥንቃቄ ብዙውን በሽታ ይከላከላል፤ ሁሉንም ግን አይከላከልም። ስለዚህ የማይተካ ነገር ያለው ሰው ቀደም ብሎ በሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ዲስኩንም ነቅሎ ሌላ ቤት ያስቀምጥ።