ጥላ የማይወደው ቁጥቋጦ

የተወለድኩት ጌዴኦ፣ ወናጎ ነው። እኛ ጋ ጥላ የሌለው ነገር አይበቅልም፤ ቡናው ከእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ ከዋንዛው ሥር፣ ሰዉም ከሁሉም ሥር ነው። ልጆች ሆነን ፀሐይ ላይ የተተከለ ቡና ካየን «ይሄ ወላጅ የለውም እንዴ?» እንል ነበር። አሁን ዲላ ችግኝ ጣቢያ እሠራለሁ፤ እዚያም ውዬ የምገባው ለችግኝ ጥላ ሳበጅ ነው።

ይህን ያነሳሁት ቡሌ ደጋ ላይ ስለነበረው ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ ከወገብ አያልፍም፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ቢጫ። ድሮ ሸንተረሩ ሁሉ የእሱ ነበር ይላሉ። እርሻውና ባሕር ዛፉ ገፋው፣ የቀረውን ለማገዶ ነቀሉት፤ እኔ ስደርስ አንድ ብቻ ነበር፣ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ጫፍ፣ ገደል አፋፍ ላይ። ያላሰስነው ጉብታ የለም፣ ሌላ አላገኘንም። ዘሩን ዲላ አውርደን ዘራነው፣ አልበቀለም። ቅርንጫፉን ተከልነው፣ በሙቀቱ በሰበሰ። ያ አንዱ ከሞተ አለቀ ማለት ነው።

ሽማግሌውን «አባባ፣ ከብት እንዳይበላው አጥር ይሥሩለት» ብዬ ለመንኳቸው።

«ችግር የለም ልጄ፣ አንተ ሂድ» አሉኝ። የእሳቸው አማርኛ ወንድ ያደርገኛል፤ ለምጄዋለሁ።

ከዚያ የጣቢያው መኪና ተበላሽቶ ቆመ። ማን ያሠራው? ለአንድ ቁጥቋጦ ብሎ ማን ይጨነቃል? ተመልሼ ስወጣ ዓመት አልፎ ነበር።

አጥሩ ተሠርቷል። ደግሞ እንዴት ያለ አጥር! በእኛ አገር ደረቅ እንጨት ተክሎ አጥር የሚል ሰው ሰነፍ ነው፤ እርጥብ የቆርች እንጨት ይተከላል፣ ያቆጠቁጣል፣ አጥሩ ራሱ ዛፍ ይሆናል። ሽማግሌው ቆርቹን ጥቅጥቅ አድርገው ዙሪያውን ተክለውት ሁሉም በቅሏል፤ ሰፋፊ ቅጠሉ ከላይ ገጥሟል። ክፍት የቀረውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነውታል።

«እይ! ጥላ ሰጠሁት። ተመችቶታል» አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቁጥቋጦው ብርሃን ፍለጋ ተመዝዞ ቀጥኗል፣ ቅጠሉ ገርጥቶ ረግፏል፣ አበባ የሚባል የለም። ዕድሜውን ሙሉ ራቁቱን ፀሐይና ነፋስ ላይ የኖረ ነገር ነው። እናቴም ብትሆን እንዲሁ ታደርገው ነበር።

«አባባ፣ ይሄ የሚወደው ፀሐይ ነው። ቆርቹ ይቆረጥ።»

«የበቀለ እንጨት?» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጌዴኦ ለጋ ዛፍ አይቆርጥም፤ ነውር ነው፣ በሽማግሌ ያስጠይቃል። ይህንን አውቃለሁ፣ ያደግኩበት ነው። ግን ተናደድኩ። በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮህኩ፤ ዛሬም ቢሆን እጮሃለሁ።

ተነስተው ገጀራቸውን አመጡ። ከእያንዳንዱ ቆርች ፊት እየቆሙ በጌዴኦኛ «ይቅር በለኝ» ይሉና ይቆርጡታል። ዙሪያውን እንዲሁ ጨረሱት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጥላ ያሰለለው ቁጥቋጦ የደጋውን ፀሐይና የሌሊቱን ውርጭ አልቻለውም። በጋው ሳይጋመስ ስመለስ ቅርንጫፉን ገና ስነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሥሩን ጫርኩት፤ እርጥበት የሚባል የለውም። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ደነገጡ። እሳቸው ጋ እንሰት ቢሞት ከጎኑ ሌላ ይበቅላል፣ ቡና ቢደርቅ ከዲላ ችግኝ ይመጣል። ተተኪ የሌለው ተክል አይተው አያውቁም፤ «የመጨረሻው ነው» እያልኩ ስነግራቸው የከረምኩት ለካ ጆሯቸው አልገባም።

«አታልቅስ ልጄ» አሉኝ፣ ትከሻዬን እየዳበሱ። «አሁን ገባኝ፣ ፀሐይ ላይ ይሁን። ሌላ አምጣ፣ እንተክላለን። እኔ ጉድጓድ ቆፍሬ እጠብቃለሁ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው፣ ከዚያ የቆርቹን ጉቶ።

«እሺ አባባ፣ አመጣለሁ» አልኳቸው።