የአባዬ እርጥብ ጣውላ

በቀደም በአንድ እንጨት መሸጫ ደጃፍ ሳልፍ አዲስ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ አባዬ ጣውላ አቅፎ ሲያሸት ታየኝ።

አባዬ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበር። ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለነበረ ደጅ ያወጣነው ወንበር ሁሉ ወደ ገደሉ ያዘነብል ነበርና፣ አንድ ክረምት እንግዶቹን በሚያሳርፍበት ሆቴል ያየውን የመሰለ የእንጨት በረንዳ ልሥራ ብሎ ተነሣ። እማዬ ግን፣ «ድንጋይ አስነጥፍ። ላሊበላ ተቀምጦ እንጨት ፍለጋ ምን የሚሉት ነው?» ትለው ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሳሳይ ውዬ፣ ማታም ድንጋይ ላይ ልቀመጥ?» ይላታል።

ወይራ ሲል አይገኝም ተባለ፤ ጥድ ሲል እማዬ፣ «የቤተ ክርስቲያን ዛፍ!» ብላ አማተበች፤ ብረቱን ደግሞ ፀሐይ ያግለዋል ብሎ ራሱ ተወው። በመጨረሻ ጋሸና ሄዶ የባሕር ዛፍ ጣውላ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። እያንዳንዱን ያሸታል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ምን እንደሚሰማ ግን ነግሮን አያውቅም። እማዬ አንዱን ዳስሳ፣ «ይሄ እኮ እርጥብ ነው፣ ይድረቅ» ብትለው፣ «ከተመታ በኋላ ይደርቃል» ብሎ መዶሻውን አነሣ።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ በእርግጥም ደረቀ። ጣውላው እየተጣመመና እየጠበበ ሄዶ፣ ሚስማሮቹ አንገታቸውን ብቅ ብቅ አደረጉ፤ ከሥር የሚያድሩት ዶሮዎቻችንም በክፍተቱ ሽቅብ ያዩን ጀመር።

ጥቅምት ላይ ታላቅ እህቴን አስካለን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከኩልመስክ መጡ። ልጁ አስተማሪ ነበር፣ እሷም ትወደው ነበር፤ አባዬ ግን አገሩ ራቀብኝ ብሎ፣ ቀጠሮ እየሰጠ ሊያሰለቻቸው ቆርጧል። ቢሆንም በረንዳው እንዲታይለት እዚያው ተቀበላቸው።

የሽማግሌዎቹ መሪ አባ ደምሴ ተቀመጡ ቢባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ወደፊት ራመድ ሲሉ፣ አንዱ ጣውላ ሸሸና ግራ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ሰመጠ። ጫማቸው ወልቆ ሲወድቅ ዶሮዎቹ በጩኸት አገሩን አቀለጡት።

አባዬ ደንግጦ በብብታቸው ሊያነሣቸው ሲል፣ «ይተዉኝ!» አሉ፤ ከሕመሙ ይልቅ ጥቅሙ ሳይታያቸው አልቀረም። «ቤትዎ ራሱ ይዞኛል። ልጅዎን ለልጃችን ካልሰጡን ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«ኧረ አባ፣ እግርዎ!»

«እግሬ ይቆይ። ልጅቷን!»

እማዬ ጓዳ ሆና ሳቋን በነጠላዋ ታፍናለች። ያኔ፣ በደንቡ ብቅ ማለት የማይገባት አስካለ መዶሻ ይዛ ወጣች፤ ማንንም ሳታይ ተንበርክካ ሚስማሮቹን ነቃቀለችና ጣውላውን አንሥታ እግራቸውን አስለቀቀች። አባ ደምሴ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «እሷስ መልሷን ሰጠች፤ የቀረው የእርስዎ ነው» አሉ።

አባዬ አስካለን አያት። አንገቷን ደፍታለች፣ መዶሻውን ግን አልለቀቀችም። ሳቁ አመለጠው።

«በረንዳዬም ልጄም ከእናንተ ጋር ካበሩ እኔ ምን እላለሁ?»

አስካለ በጥር ተዳረች።

አባዬ ጣውላውን ደጋግሞ ቢመታውም ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ማለቱን አልተወም ነበር፤ እያንዳንዱ ጣውላ የራሱ ድምፅ ስለነበረው፣ እማዬ ከገበያ ስትመለስ፣ አባዬ ደክሞት ሲገባ፣ ዓይናችንን ሳናነሣ እናውቅ ነበር። ዛሬ የምኖርበት ቤት ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ያበራል፣ ትንፍሽ አይልም። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ ሲቆም ግን ሁልጊዜ እደነግጣለሁ።