እሺ፣ ነገ

ወደ ወረኢሉ ስሄድ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አወረዱኝ። ለወንድሜ የያዝኩት በሶ የታጣቂዎች ስንቅ ነው ተባለ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ ሽታው ከግድግዳው አልወጣም፣ የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ይገባል። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ከሰላምታ በቀር አልተናገርኩም።

አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ከአቀስታ ናት። እሷም እንደኔ ተጠርጥራ ነው የገባችው። ከመታሰሯ በፊት ግን የምትሠራበት ሱቅ ባለቤት አስገድዶ ስለደፈራት ከስሳው ነበር። ሰውየው «እሺ ብላኛለች» ብሎ ይከራከራል። እኔ በገባሁ ማግስት ፖሊስ አጅቧት ችሎት ቀርባ ልትመሰክር ነው።

«ብተወው ይሻላል መሰለኝ» አለች። «እሺ ማለቴስ እውነት ነው።»

ከደጎሎ የመጡ አንዲት እናት «ነይ እስቲ እንለማመድ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን እንደ ጠበቃ ካባ ደረቡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ! እሺ ብለሽዋል ወይስ አላልሽውም?»

«ብዬዋለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሳላስበው «ከእሺ ቀጥሎስ ምን አልሽው?» አልኳት።

«እሺ፣ ነገ፤ አሁን በሩን ይክፈቱልኝ አልኩት። አልከፈተም።»

እናትየው ካባቸውን ወረወሩት። «ያ አላህ! እሱንማ እኔም ስንቱን ነጋዴ ብዬዋለሁ! እሺ፣ ነገ ብዬ ተመልሼ የሄድኩበት አንድ ሱቅ የለም!»

ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም ሳቀች። ጠባቂዋ በሩን ደበደበች፤ «ሠርግ ነው እንዴ?»

«አብሽሪ» አሏት እናትየው ልጅቷን። «ብቻ ቃልሽን ጨርሺው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ከበብናት።

«የሰውየው ጠበቃ እሺ ብለሻል ወይ አለኝ። አዎ ስለው፣ ጨርሻለሁ ብሎ ሊቀመጥ ሆነ። እጄን አወጣሁ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ አልጨረስኩም አልኩ። ዳኛው ቀጥዪ አሉኝ። እሺ፣ ነገ፤ አሁን በሩን ይክፈቱልኝ ነው ያልኩት ብዬ ጨረስኩት።»

ከዚያ ያስቀመጥንላትን ዳቦ ሁሉንም በላች።

ሰውየው እንደተፈረደበት የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። አሁን መካነ ሰላም ከተማ ሻይ ቤት እሠራለሁ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። «እሺ፣ ነገ» የምንለው እምቢ ማለት ስለሚያስፈራን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ገብቶኛል። ደንበኛ «ማታ እንገናኝ» ሲለኝ «አልፈልግም» እለዋለሁ። ፊቴ ይቀላል፣ ድምፄም ትንሽ ነው። ሻዩን አስቀምጬለት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እሄዳለሁ።