ከበረዶው ጋር ሀርሺን የሄደው ሻፍት

አደር ፋራህ ግቢ ሥራ በጀመርኩበት ቀን መዶሻ ፈልጌ አጣሁ። በኋላ ሳገኘው በሩ ሥር ተወትፎ፣ ንፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዟል። ላነሳው ጎንበስ ስል "ተወው፣ እዚህ ቤት የእሱ ሥራ በር መያዝ ነው" አሉኝ አደር። እኔ ደግሞ ከጋራዥ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ እምቢ ያለንን ብረት ሁሉ በመዶሻ ነበር የምናሳምነው። ወይ ጉዴ፣ ምን ዓይነት ቤት ገባሁ አልኩ በሆዴ።

አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይላቸዋል። ወርክሾፑ እዚሁ ጅጅጋ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ ነው። ሥራችን አንድ ነው፦ ቺንጋ የሚያዞረው ፑሌጃም ይሁን ኩሽኔታ፣ ዘንግ እንደ ልቡ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ዘንጉ ማለትም ሻፍቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማስገባት። ገፍቶ የሚያስገባልንን መጫኛ፣ ፕሬሱን፣ የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ በወፍራም ብረት ፍሬም ውስጥ የጭነት መኪና ክሪክ ቆሟል። የኩሽኔታው ቀዳዳ ፀጉር በማታህል መጠን ከሻፍቱ ይጠብባል። እንደዚያ ካልሆነ አይነክስም። ቀጥ ብሎ ካልገባ ደግሞ መሃል ላይ ይቀረቀርና ሁለቱም ይበላሻሉ።

ሥራው ጠበቅ ካለ ሻፍቱን ቀድመን እናቀዘቅዛለን፤ ብረት ሲበርደው ይሰበሰባል። ኩሽኔታውን በዘይት እናሞቃለን፤ ሲሞቅ ይሰፋል። ፍሪዘር ግን የለንም። ያላቸው ጎረቤታችን ኤዶ፣ አክስት ማለት ነው፣ ሆዳን ናቸው፤ በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ ይሸጣሉ። ሻፍቶቻችን በፌስታል ተጠቅልለው ከበረዷቸው ጋር ያድራሉ፣ እኛም በምላሹ ፍሪዘራቸው ሲንኮሻኮሽ እንጠግንላቸዋለን። ጠዋት ስንመጣ "ልጆቻችሁ ደህና አድረዋል" ይሉናል።

ማስገባቱን ግን አደር ለማንም አይሰጡም ነበር። እኔ አጸዳለሁ፣ በካሊፐር እለካለሁ፣ ክሪኩን እጫናለሁ። ኩሽኔታውን በእጃቸው ይዘው የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። መቼ ይሆን የሚሰጡኝ እያልኩ እቀና ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ጊዜ የኤዶ ሆዳን የእህት ልጅ ሀርሺን በምትባለው ከተማ ልትዳር ሆነ። ከሠርጉ ቤት ብርካ፣ ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ኩሽኔታው አልቆ እየጮኸ ወደ እኛ መጣ። ያለ እሱ ለዚያ ሁሉ እንግዳና ግመል ውሃ በጀሪካን መጎተት ነው። አሮጌውን ኩሽኔታ አወጣን፣ ሻፍቱን አጽድተን ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥን።

በማግስቱ ልወስደው ብሄድ ፍሪዘሩ ባዶ ነው። ኤዶ ሆዳን ለሠርጉ በረዶውን አንድም ሳታስቀሩ ጫኑልኝ ብለው ነበርና፣ ጫኚዎቹ ሻፍቱንም በበረዶው ሣጥን ጨምረው አስረክበዋቸዋል። እሳቸውም ሳምቡሳ ሊጠብሱ ከበረዶው ጋር ሄደዋል። እየሮጥኩ ተመልሼ ለአደር ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ስል እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ሻፍቱ ከእኛ ቀድሞ ሠርግ ሄደ? በል ተነስ፣ እንከተለው" አሉ።

ፓምፑን፣ አዲሱን ኩሽኔታና ጓንቱን ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ፕሬሱ ከባድ ነው፣ አይጫንም። መንገዱን ሁሉ ልቤ አላረፈም። ኩሽኔታው መሃል ላይ ቢቀረቀር የምንገፋበት ነገር የለም፤ ሌላ ትርፍ ኩሽኔታም አልያዝንም።

ደርሰን ሣጥኑን ስንከፍት ሻፍቱ አመዳይ ለብሶ ከታች ተጋድሟል። ኤዶ ሆዳን አፋቸውን ያዙ። በሠርጉ ጥድፊያ ፌስታሉን ሲያዩ ዓሣ መስሏቸው እንደነበር ነገሩን።

ለማሞቂያ ያለው የሳምቡሳ ዘይት ብቻ ነው። ኩሽኔታ ከልክ በላይ ከሞቀ ብረቱ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ የመጥበሻ ሙቀት ለእኛ ይበዛል። አደር ይህንን ሲያስረዷቸው ኤዶ ሆዳን ሌላ ድስት ጣዱና ቁራጭ ሊጥ ጣል አደረጉበት። ሊጡ ከሥር ቆይቶ በዝግታ ብቅ ሲል "ለሳምቡሳ ገና ነው፣ ለእናንተ ይበቃል" አሉ። ኩሽኔታውን በሽቦ አንጠልጥለን ዘይቱ ውስጥ ነከርነው። ሻፍቱን ነክሶ የሚያቆምልን ማጥበቂያ፣ ሞርሳ፣ ስለሌለ ከወጥ ቤቱ ሙቀጫ ተዋስን።

አደር ጓንቱን አነሱ። ያጠልቁታል ስል ወደ እኔ ዘረጉት።

"ደረጀ፣ ዛሬ አንተ ነህ" አሉኝ።

"ቢጣመምብኝስ?"

"አጠገቤ ቆመህ ስንቱን አይተሃል። እጅህን አምነዋለሁ።"

ሻፍቱን ከበረዶው አውጥተው ሙቀጫው ውስጥ በእንጨት አጥብቀው አቆሙልኝ፣ አመዳዩን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉት። ኩሽኔታውን አወጣሁ፣ ሳላዘነብል በሁለት እጄ ያዝኩና ለቀቅኩት። ወርዶ ማረፊያው ላይ ቁጭ አለ። ምንም አልገፋሁም። ነክሶ እስኪይዝ ጫን አድርጌ ቆየሁ። ሲቀዘቅዝ የውስጡን ቀለበት ላዞር ብሞክር ንቅንቅ የለም፤ የውጪው ግን በጣቴ ስነካው ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለሙሽራዋ ይሁን ለኩሽኔታው ዛሬም አላወቅሁም። እኔ እንደሆን ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነበር።

ፓምፑን ገጥመን ስናስነሳው ውሃው ቱቦውን ሞልቶ መጣ። ግመሎቹ ከሰው ቀድመው ደረሱ። አደር ሳምቡሳ ሲቀርብላቸው ከየትኛው ድስት እንደወጣ ጠየቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስገባቱ የእኔ ሥራ ነው፤ አደር ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ፍሪዘር በምናስቀምጠው ሻፍት ሁሉ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን። መዶሻው አሁንም በሩን ይዟል። ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይህንን ብቻ ነው፦ ሙቀቱን፣ ቅዝቃዜውንና ማቆሚያውን ቀድመህ አዘጋጅ። እነዚህ ከተሟሉ ኩሽኔታ በገዛ ክብደቱ ይገባል።