ትልቁን ሞተር የሞከርንበት ቅዳሜ

ሥራዬ የከብት ሐኪምነት ነው። ከአቃቂ እስከ ዱከም ባሉት የወተት ላም ቤቶችና የዶሮ እርባታዎች መካከል ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የምመላለሰውም በሞተር ነው። ሌላ ሰፈር ስሄድ ሴት ሞተር ስትነዳ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው አሁንም አላጣም። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ለምዶኛል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ራሳቸው መንገድ ሲለቁልኝ፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ የማን ላም ናት?» ይሉኛል።

ሞተሬ ትንሽ ናት። ድሮ ቀይ ነበረች፤ አሁን ከጭቃ መከላከያዋ በታች ያለው ቀለም ብቻ ነው ያንን የሚመሰክረው። ከኋላዋ የመድኃኒትና የመርፌ ሳጥን ታስሮባታል። ጭቃ አትፈራም፣ ብትወድቅም ብቻዬን አነሣታለሁ። ረጅም መንገድ ግን አይሆንላትም። አንድ ጊዜ እስከ ሞጆ ሄጄባት ስመለስ እጄ ሲንቀጠቀጥ አመሸ፤ ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ።

እኔ ደግሞ ረጅም መንገድ ያምረኛል። በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ዳር ቆሜ የታመመ ጥጃ አይን ሳይ፣ አንዳንድ ጊዜ ሻንጣቸውን ግራና ቀኝ የጫኑ ትልልቅ ሞተሮች ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ድምፃቸው ጠፍቶም ልቤ ትንሽ ይከተላቸዋል። ዝዋይ፣ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ እያልኩ በሐሳቤ ስወርድ የጥጃው ባለቤት፣ «ዶክተር፣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይመልሰኛል።

ያን ሰሞን ስፖኪዮዬ ተሰብሮ ሳሪስ አቦ ወደሚገኘው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ከስልጤ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። መለዋወጫ ይሸጣሉ፣ ያገለገለ ሞተርም ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ። በሩ ላይ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሞተር ቆሟል። ከፊቱ ረጅም የንፋስ መከላከያ አለው፤ ሦስት ሳጥን ተሸክሟል፤ የኋላ መቀመጫው ደግሞ እንደ ሶፋ መደገፊያ አለው። ስፖኪዮውን ረስቼ ዙሪያውን ዞርኩት።

«የማን ነው ሐጂ?»

«አንድ ጡረታ የወጣ ሰው ነው ያመጣው። አገር ዞሮበታል። አሁን ወገቡ እምቢ አለው።»

«ይለወጣል?»

«ያንቺን ተቀብዬ ትንሽ ትጨምሪበታለሽ።» ሐጂ ዕቃቸውን ከፍ አድርገው የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝና መልሰው ከተቱት። «ቅዳሜ ነይና ንጂው። ጉድለቱን ፈልጊ፤ ደግ ደጉን እኔ አውቀዋለሁ።»

የሚጨመረው ገንዘብ አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ ባለቤቴ ነው። ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የአንድ መስመር ኃላፊ ነው፤ ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ ይሄዳል፣ ማታ በሰርቪስ ይመለሳል። ሞተር ይፈራል። ከተጋባን ጀምሮ ከኋላዬ ተቀምጦ አያውቅም። ሠርግ ብንጠራ እኔ በሞተር እሄዳለሁ፣ እሱ በታክሲ ይመጣል፣ ድንኳኑ በር ላይ ተገናኝተን አብረን እንገባለን። ሰው ከተጣላን በኋላ የታረቅን ይመስለዋል።

ማታ እራት ላይ ነገርኩት። የያዘውን ጉርሻ አኝኮ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

«ከኋላ መደገፊያ አለው አልሽ?» አለኝ።

«አለው።»

«እጅ መያዣስ?»

«ግራና ቀኝ።»

ውሃ ጠጣ። «እንግዲያው ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ» አለ። ወጥ ጨመርኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት የክረምት ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ የሱሪውን እግር ካልሲው ውስጥ ከቶ፣ እንደ ልማዱ በታክሲ ሐጂ ሱቅ ብቅ አለ። ሐጂ ከላይ እስከ ታች አይተውት ሳል አሉ፤ ሳቃቸውን ሲደብቁ እንደሆነ ገብቶኛል። የእኔን ትንሿን እዚያው ትቼ፣ የሥራ ዕቃዬን ይበቃው እንደሆነ ለማየት ወደ ትልቁ ሳጥን አዛወርኩ። ቦቲ ጫማዬ ሳይቀር ገባ። ከዚያ ወጣሁበት። መሬት የደረሰው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። ሐጂ አይተዋል፣ ግን ምንም አላሉም። ጉድለት መፈለግ የእኔ ሥራ መሆኑን አስቀድመው ነግረውኛላ።

ቃሊቲን እስክናልፍ ባለቤቴ እጅ መያዣውን ትቶ የእኔን ጃኬት ነበር የያዘው፤ አንገትጌው ሊያንቀኝ ደረሰ። አቃቂ ስንደርስ ጃኬቴን ለቀቀልኝ። ገላን ስንደርስ መደገፊያው ላይ ተደላድሎ ወሬ ጀመረ። «ያ ሕንፃ ዛሬም አላለቀም?» ይለኛል። «ጤፉ እንዴት ነው ያማረው» ይለኛል። ሞተሩ ጉድጓዱን እንደ ምንም ያልፈዋል፤ ማርሽ ስለውጥ እንኳ አይነቀንቅም። በሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር የምነዳው። ሐዋሳ ቅርብ መሰለኝ።

ዱከም አንድ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ልናቆም ታጠፍን። መሬቱ ጠጠር ነው፣ ትንሽ ያዘነብላል። አቁሜ ግራ እግሬን ሰደድኩ፤ መሬቱ ግን እግሬ ከሚደርስበት በታች ነበር። ሞተሩ አልተወረወረም፣ አልጮኸም፤ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ጋደም አለ። እኔ ወደ ጎን ዘለልኩ። ባለቤቴ ረጅም ስለሆነ እግሩን ዘርግቶ ቆመ፣ ሞተሩ ከሥሩ ወርዶ ተኛ፤ እሱ እዚያው እንደቆመ ቀረ፣ ሁለት እጁ አሁንም የሌለ ነገር እንደያዘ።

ሥጋ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ቢላቸውን አስቀምጠው መጡ። አንዱ መሪውን፣ ሌላው ሳጥኑን ያዘና መጎተት ጀመሩ። «ተው፣ እንደሱ አይነሣም» አልኳቸው። የተኛች ላም ማስነሣት የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ቀንዷን ብትጎትት አንገቷን ነው የምትሰብረው። ሁለቱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት አቆምኩና ጀርባቸውን አስደግፈው በእግራቸው እንዲገፉ ነገርኳቸው። «በሉ፣ አንድ ላይ!» ስል ተነሣ። ከመካከላቸው አንዱ እጁን እያራገፈ፣ «እመቤት፣ ከብት ሐኪም ነሽ እንዴ?» ሲለኝ ባለቤቴ ከልቡ ሳቀ። ሲፈራ የዋለ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ማየት ደስ ይላል። ሞተሩ የጎን ሳጥኑ ላይ ትንሽ ከመፋቁ በቀር ምንም አልሆነም።

ጥብሱን በልተን ሳንጨርስ ስልኬ ጠራ። አቃቂ ወንዝ አጠገብ ላሞች የሚያረቡ ደንበኛዬ ናቸው፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት። «ዶክተርዬ፣ ጊደሯ ምጥ ላይ ናት። አንድ እግሩ ብቻ ነው የወጣው» አሉኝ። የቀረውን ጥብስ ትተን ተነሣን። እዚህ ላይ ትልቁን ሞተር አመሰግነዋለሁ፤ በትንሿ ቢሆን መንገድ ላይ ብዙ እቆይ ነበር።

ግን አስፋልቱ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው የሴትየዋ መንገድ ክረምቱ ጥሎት የሄደ ጥቁር ጭቃ ነው። በትንሿ ሞተር ብዙ ጊዜ ገብቼበታለሁ፣ እግሬን ግራና ቀኝ እያንፏቀቅኩ። ይኼኛው የፊት ጎማው ጫፉን እንደነካ መስመጥ ሲጀምር ወደ ኋላ መለስኩት። ባለቤቴን ሞተሩ ዘንድ ትቼ፣ ቦቲዬን አጥልቄ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ገባሁ።

ጥጃው ሌላኛውን የፊት እግሩን ከሥሩ አጥፎ ነበር። እጄን በሳሙና አለስልሼ ወደ ውስጥ መለስ አደረግኩት፣ የታጠፈውን ጉልበት ፈልጌ አቃናሁት። ሴትየዋ ከጎኔ ቆመው ማርያምን ይጠራሉ። ብዙም ሳይቆይ እርጥብ፣ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ወንድ ጥጃ መሬት ላይ ዘፍ አለ። አፍንጫውን ጠርጌለት ሲያስነጥስ ሴትየዋ ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ፤ ጭቃውንም ደሙንም ከቁም ነገር አልቆጠሩት።

ስመለስ ባለቤቴን ከሩቅ አየሁት። እሱ ግን አላየኝም። ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላ አይደለም፣ ከፊት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ወደ ግራ ዘንበል ይላል፣ ቀና ይላል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበርና ጠጋ ስል ድምፁን ሰማሁት፤ ማርሽ እየለወጠ ነው። የሃምሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ያለ፣ መቶ ሠራተኛ የሚፈራው ሰው። አጥር ሥር ቆሜ ትንሽ ታገስኩት። ያሰበው ቦታ ደርሶ እስኪያቆም ማቋረጥ አልፈለግኩም።

ከዚያ ሳል አልኩ። ከሞተሩ ላይ ወርዶ ሳጥኑን በእጅጌው መጥረግ ጀመረ። «ወንድ ነው ሴት?» አለኝ፣ ስለ ጥጃው።

ወደ ሳሪስ ስንመለስ እኔ ላልለውጥ ወስኜ ነበር። እግሬ አይደርስም፣ መንገዴም ጭቃ ነው፤ ላሞቹ ደግሞ አስፋልት ዳር መጥተው አይወልዱልኝም። ይኼን ስነግረው ከኋላዬ ጆሮዬ ላይ ይከራከረኝ ጀመር።

«ጫማሽን ከፍ ያለ ብታሠሪስ?»

«ከብት ቤት በተረከዝ ልግባ?»

«እሺ፣ አንድ ሳምንት እናስብበት።»

«አንተ እኮ ሞተር ትፈራለህ።»

«ከኋላ ስቀመጥ ነው የምፈራው» አለኝ። «ሰው ሲነዳው።»

ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። የተፋቀውን ሳጥን አስቀድሜ አሳየኋቸው። ዝቅ ብለው አዩና፣ «ይኼማ ለቀለም ቀቢዬ ቀላል ሥራ ነው» አሉ። «ሌላ ጉድለት አገኘሽ?»

«ጉድለቱ የእሱ አይደለም ሐጂ። ለእኔ ቁመትና ለእኔ ሥራ አልተሠራም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀየሙም አልመሰሉኝም። «ጠዋት ስትወጪበት አይቼ ነበር» አሉ። «ብነግርሽ ግን ሌላ ሊሸጥልኝ ነው ትይ ነበር። ዝቅ ያለ የመጣ እንደሆነ እደውልልሻለሁ።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተስ? የነዳበት ሰው ዓይን ነው ያለህ።»

ባለቤቴ የጃኬቱን ቁልፍ መነካካት ያዘ። ከዚያ ለእሳቸው ይሁን ለእኔ በማይለይ ድምፅ፣ «በትንሿ መማር ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ።

አዲስ ስፖኪዮ አስገጥመን ያን ቀን በትንሿ አንድ ላይ ተሳፍረን ገባን። እኔ ቤንዚን ታንከሩ ላይ ልወጣ ምንም አልቀረኝ፣ እሱ መድኃኒት ሳጥኑ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። የባጃጅ ሾፌሮቹ አቋርጠውን ሲያልፉ ጥሩምባ ነፉልን።

አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነን። መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤትም ተመዝግቧል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለሚለቀው ሞተሯ ሁለት ሦስቴ ትዘልና ትጠፋለች። የፋብሪካው ማሽን ሲቆምበት እንደሚያደርገው፣ ጥፋቱ የት እንደሆነ ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዚያ እንደገና ያስነሣል። ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ ሱሪው አሁንም ካልሲው ውስጥ ነው። እንዴት እንደሚዞር ግን ገና አላስተማርኩትም። ዳር ሲደርስ አቁሞ ወረደ፣ ሞተሯን በእጁ ገፍቶ አዞራት፣ እንደገና ወጣና ወደ እኔ መምጣት ጀመረ።