የባቡሩ ዳገት በዜማ ምልክት

አጎቴ በጎልማሳነታቸው ከምፅዋ አስመራ በሚመላለሰው የእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። ዓይናቸው ሲጠፋ ወደ ሰቆጣ ተመልሰው እኛ ቤት መደብ ላይ ዋሉ። ከባቡር ሌላ ወሬ የላቸውም፤ አገሩ ደግሞ ባቡር አይቶ ስለማያውቅ ሰሚ አልነበራቸውም።

በኋላ ግን አንድ ወጣት መምህር ከአስመራ ተመድቦ መጣ። ባቡር ሲባል የሚበላውን የሚረሳ ሰው ነው። በትከሻው የሚያንጠለጥለው ቴፕ ነበረው፤ ባቡሩ ከነፋሲት ጣቢያ ተነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ ድምፁን ራሱ በክር ቀድቶታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣ ያሰማን ነበር።

"ይኼ ኩርባው ነው፣ አባባ።"

"አይዶለም፤ ድልድዩ ነው!"

መምህሩ ሊቶሪና የሚባለውን በናፍጣ የሚሄድ ባቡር ካነሳባቸው አጎቴ ምራቃቸውን ጢቅ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሳቅሁባቸው። ውሎ አድሮ እኔም እሑድን እጠብቅ ጀመር።

መምህሩ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ቴፑም አብሮት ሊሄድ ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። በማን እንደሆነ ባላውቅም ተናደድሁ። ድጓውን ሙሉ ተምሬ ያስመሰከርሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ዳገት በዜማ ምልክት መጻፍ ያቅተኛል?

መምህሩ እስኪሄድ አራት ቀን ቀርቶናል። ብራናዬን ዘርግቼ ክሩን እያስደገምሁ መጻፍ ያዝሁ። የዜማ ምልክት የሚቀመጠው በፊደል አናት ላይ ነው፤ ባቡር ግን ቃል የለውም። ስለዚህ "ሹ" የሚለውን ፊደል ደርድሬ፣ ሲያዘግም ይዘት፣ እግሩን ሐዲዱ ሲያዳልጠው ርክርክ የሚባለውን ምልክት አናቱ ላይ አደረግሁበት። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም መምህሩ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

አንድ ደብተራ ወዳጄ አየኝና፣ "ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት! የቤተ ክርስቲያን ምልክት ለብረት?" አለ።

"ለብረት አይደለም፤ ለአጎቴ ነው" አልሁት።

መምህሩ በሄደ ማግሥት ብራናዬን ይዤ አጎቴ ፊት ቆሜ "ሹ፣ ሹ" ማለት ጀመርሁ። እኩሌታው ላይ ሳልደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ምነው ቆምህ?"

"ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ነው።"

"ባቡሩ እዚህ አልቆመም። እዚህ ከቆመማ ቁልቁል ተመልሰን ባሕር መግባታችን ነው!"

ብራናውን ብመለከት እውነታቸውን ነው። እጄ በለመደው ሄዶ፣ ዘማሪ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ የማረፊያ ምልክት አግብቶበታል። አፈርሁ። በምላጭ አንድ በአንድ ፋቅኋቸው። ከዚያ በኋላ ጾሙን ሙሉ የደብሩን አቀበት እየወጣሁ "ሹ፣ ሹ" ስል ከረምሁ። አበደ ተባልሁ። ይበሉ!

ፋሲካ አልፎ እንደገና ቆምሁላቸው። ድልድዩን አለፍሁ፤ ኩርባውንም አለፍሁ። ዋናው ዳገት ላይ ግን ጎኔን ወጋኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። አላለቀም፤ ትንፋሼ ግን አለቀ። ያ ሁሉ ድካም እዚያ ላይ ሊቀር ነው ብዬ ልቤ ሲሰበር፣ አጎቴ ከመደቡ ተነሥተው በዚያ በሻከረ ድምፃቸው "ሹ፣ ሹ፣ ሹ" እያሉ ተቀበሉኝ። ልክ በማኅሌት የቀኙ ወገን ሲደክም የግራው እንደሚቀበለው።

እኔ ስተነፍስ እሳቸው፣ እሳቸውን ሳል ሲይዛቸው እኔ እየተቀባበልን ወጣነው። አስመራ እስክንገባ አንድም ቦታ አልቆምንም።