በመቀነት የዞረ ሞተር

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ቢፈለግ፣ የሚጠቆመው የእኔ ቤት ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አበላሽቼ፣ እንደገና ፈትቼ ያገኘሁት ነው። አሮጌዋ መኪናዬ ከእኔ በቀር የሌላ ሰው እጅ አታውቅም። የተማሩት መካኒኮች "ይሽጧት" ይሉኛል፤ ሲቸግራቸው ግን እኔኑ ይጠይቃሉ።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሲያገባ፣ ሙሽራውን ሽንዲ ሙሽሪት ቤት የማደርሰው እኔ እንደሆንሁ ማንም አልተከራከረም። የሙሽሪት አባት ቁጡ ሰው ናቸው። "ቀትር ካለፈ ልጄን አልሰጥም" ብለው ልከዋል።

ቡሬን አልፈን ወደ ሽንዲ እንደታጠፍን የባትሪው መብራት በራ። ወዲያው የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ መውጣት ጀመረ። ኮፈኑን ሳልከፍት አወቅሁት፤ የውሃ ፓምፑንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሷል። መሰንጠቁን አውቅ ነበር፤ ለሠርጉ ይበቃል ብዬ ነበር። በቅቷልም፣ እስከ ቡሬ ማዶ።

መኪናዋን ዳር አስይዤ ኮፈኑን ስከፍት፣ ሚዜው ዘሎ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ሊጨብጥ ሲል እጁን መታሁት።

"ፊትህን ልትቀቅል ነው? ይቀዝቅዝ!"

"እስከ መቼ?"

"እስኪቀዘቅዝ።"

ሙሽራው በአዲስ ጫማው አቧራውን እየረገጠ ከመኪናው እስከ መንገድ ዳሩ ግራር፣ ከግራሩ እስከ መኪናው ይመላለሳል። ፀሐይን ያያል፣ ስልኩን ያያል፣ እኔን ያያል። እኔም መቀመጥ አልቻልሁም። ብረቱን በጣቴ እነካለሁ፣ ያቃጥለኛል፣ ዞር እላለሁ፣ ደግሞ እነካለሁ።

"አባባ፣ ይቺ መኪና ከሙሽራው አያት ጋር ነው እንዴ ክርስትና የተነሣችው?" አለ ሚዜው።

"አንተ ክርስትና ሳትነሣ እሷ ጣናን ዞራለች!"

ገመድ ፈለግን፤ የለም። የሱሪዬን ቀበቶ ሞከርሁ፤ ገና ሳጠብቀው ተቆረጠ። ያኔ ዓይኔ ከኋላ ወንበር ላይ ካለው የጥሎሽ ሻንጣ ላይ አረፈ።

"መቀነቱን አውጣ" አልሁት ሙሽራውን።

"አጎቴ! ሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ የሚቆጠር ነው እኮ! ቢጎድል ምን እላለሁ?"

"አንተ ራስህ ብትጎድልስ?"

አወጣው። እጥፍ አድርጌ ገመድሁት፣ በመጠጥ ውሃችን አርሼ በቺንጋው ቦታ አዞርሁት፣ እግሬን ከመኪናው አስደግፌ ወጥሬ ቋጠርሁት። ሞተሩ ሲበርድ፣ ሚዜው ከመንገድ ዳር ቤት ለምኖ ባመጣው ጀሪካን ራዲያተሩን ሞላሁ። ከዚያ በዝግታ፣ ዓይኔን ከቀስቱ ሳልነቅል ነዳሁ። ሙሽራው በየኩርባው "ደረስን?" ይላል።

ፀሐይ ከአናት ሳታዘነብል ደረስን። ጥሎሹ ተዘረጋ፤ ሽማግሌው ይጠራል፣ ሚዜው ያሳያል።

"ቀሚስ!"

"አለ!"

"ነጠላ!"

"አለ!"

"መቀነት!"

ሙሽራው ወደ እኔ ዞረ። የሙሽሪት አባት ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ቤቴን ልታዋርዱ ነው የመጣችሁ?"

ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትሁ። መቀነቱን ከሞተሩ ፈትቼ በሁለት እጄ ዘርግቼ አቀረብሁት፤ ጠቁሯል፣ ቅባት ጠጥቷል፣ ጠርዙ ተበልቷል።

"ይኸው ጌታዬ። ቀትር እንዳያልፍብዎ ብለን በእሱ ነው የመጣን።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም። መቀነቱን ገልብጠው፣ ደግመው ገልብጠው አዩት።

"አለ በሉ" አሉ በመጨረሻ። "ለልጄ ግን ሌላ ይገዛላታል። በዚያች መኪናም አትሄድም።"

ሙሽሮቹ በሙሽሪት ወገን ሚኒባስ ሄዱ። እኔ ድግሱን ትቼ መኪናዬን ስዞራት አመሸሁ።

የሚያወራ ያውራ፤ በዚያ ቀን እኔ የሠራሁት ይህ ነው፦

ቺንጋ የሌለውን ሞተር ሽንዲ አደረስሁ።
የሚዜውን ፊት ከፈላ ውሃ አዳንሁ።
ሞተሩን ሳላቃጥል አቆምሁ።
ሙሽራውን ከቀትር በፊት አስገባሁ።
ጥሎሹን ሳይጎድል አስቆጠርሁ።
ይህን ሁሉ ያለ መካኒክ፣ ያለ ቀበቶም፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ።